አበልጄን ከስልኬ ያስወጣሁ ለት

ሰልባጅ ስሸጥ ብዙ ዓመቴ ነው። ደንበኛ ኮት ሲያነሣ ይግዛ አይግዛ ከዐይኑ ዐውቃለሁ፤ የሚገዛው ብብቱ ሥር ስፌቱን ያያል፣ የማይገዛው ቀለሙን ያደንቃል። ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዤ ነው እንግዲህ አንድ ቀን አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ቆማ የሹራብ ዋጋ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ያልሰማኋት። ሹራቡን መልሳ ሰቀለችና ለጓደኛዋ፣ «ተይ እንሂድ፤ ሴትዮዋ ስልክ ነው የምትሸጠው» አለቻት።

ስልክ ብሸጥማ መቼ ከፋኝ፤ ቢያንስ አተርፍበት ነበር።

ምን እያየሁ ነበር መሰላችሁ? አንድ ሰው የዓሣ ጭንቅላት ሲበላ። የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው ዓሣ። ጣና አፍንጫዬ ሥር ሆኖ የሰው ዓሣ በስልክ አያለሁ።

ገጼን ስከፍተው ገበያ ነበር። ገበያ እንኳ ተራ አለው፤ በርበሬው በበርበሬ፣ ዶሮው በዶሮ ተራ ይቀመጣል። እዚህ ግን ከለቅሶው ሥር ሠርግ፣ ከሠርጉ ሥር «መንገድ ተዘጋ»፣ ከመንገዱ ሥር የጸጉር ቅባት፣ ከቅባቱ ሥር ደግሞ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ፤ ያለፈ ሰው ምን እንዳገኘው እናውቃለን» የሚል ማስፈራሪያ። አሜን እያልሁ አለፍሁ። ልቤ ግን አላረፈም። መንገድ ተዘጋ የሚለው ሰው የቱ መንገድ፣ መቼ፣ ማን ነገረው አይልም። የእኔ ቦንዳ ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ቦንዳ የምንለው ታስሮ የሚመጣውን የልብስ ጥቅል ነው፣ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ይደርሰኛል። ስለዚህ ያንን ወሬ ሁሉ ሆዴ ውስጥ አስገብቼ ስገላበጥ አድራለሁ። በማግስቱ መኪናው ደኅና ይገባል፤ ወሬኛውም ሌላ መንገድ ይዘጋል።

ባሌ የፋብሪካ ደመወዝተኛ ነው፤ ነገርን ሁሉ በፈረቃ ያያል።

«ፈረቃ አውጪለት» አለኝ። «እስከ ምሳ አንቺ ስልኩን ያዢው፣ ከምሳ በኋላ እሱ አንቺን ይያዝሽ።»

ይቀልዳል፤ እኔ ግን ጭንቅላቴን እፈልገው ነበር። የልጄ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል። ድንኳን አለ፣ ሰንጋ አለ፣ የሚጠራና የማይጠራ ዘመድ አለ። ይህን ሁሉ የምታስብ ሴት የማታውቀውን ዓሣ ጭንቅላት የምታስተናግድበት ቦታ የላትም። ገጼን እጠርገዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ባሌ የዓሣ ጥብስ አዘዘ፤ እኔ ስልኬን ዘረጋሁ። ለጎርጎራ የሚነሣው ጀልባ ሰው እየጠራ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ቦንዳ ሲፈታ ሦስት ክምር ይወጣል፤ አንደኛው መስቀያ ላይ ይወጣል፣ ሁለተኛው መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ጨርቁ ለጋራዥ ይሄዳል። የሚመርጠው እጅ ነው፤ ዐይን ይሸነገላል። ሰውን ግን በስልክ እንዴት ልዳስሰው? ስለዚህ አንድ ጥያቄ አበጀሁ፤ ይህ ሰው ሱቄ ደጃፍ ቢመጣ በርጩማ እስብለታለሁ ወይስ «ዘግተናል» እለዋለሁ?

የጸጉር ቅባቷ፣ ዘግተናል። መንገድ ዘጊው፣ እኛም ዘግተናል። ሙት አስነሣለሁ የሚለውና ለስልኩ ካርድ ሙሉልኝ እያለ የሚለምነው ነቢይ፣ አሜን ብዬ ዘጋሁበት። ልጅ ሆነን አብራኝ የተማረች አንዲት ሴት ነበረች፤ በየቀኑ መኪና ተደግፋ ፎቶ ትነሣለች፣ መኪናው ግን በየቀኑ ሌላ ነው። እሷንም ከነመኪኖቿ ሸኘኋት። የጭነት መኪናው ሾፌር ቀረ። እሱ መንገድ ሲዘጋ «ተዘግቷል፤ ሻይ እየጠጣሁ ነው» ብሎ ከነሻዩ ፎቶ የሚልክ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ነው አንደኛ የምለው።

ከዚያ አበልጄ ጋ ደረስሁ።

አበልጄ ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣችልኝ ሴት ናት። ያኔ ከሱቄ ጀርባ በርበሬ ትሸጥ ነበር፤ የእሷ በርበሬ ሲያስነጥሰኝ፣ የእኔ ልብስ አቧራ እሷን ሲያስነጥሳት ነው የተዋወቅነው። ባሏ ሲሞት ወደ አገሯ ወደ አንበሳሜ ተመለሰችና እዚያው ቅመም መነገድ ያዘች። ከእህት አትተናነስብኝም። ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ንጋት ላይ የመላእክት ሥዕል፣ ረፋዱ ላይ የነጭ ሽንኩርት ጥቅም፣ ቀትር ላይ «ይህን ሳታዩ እንዳትበሉ»፣ ከሰዓት ደግሞ የጎረቤት ፍየል። እኔም ሳላነብ አውራ ጣት እየሰጠሁ አልፍ ነበር።

በርጩማ እስብላታለሁ ወይ? እንኳን በርጩማ አልጋዬን እለቅላታለሁ። ግን የትኛዋ ሴት ናት ቀኑን ሙሉ አልጋ ስትለቅ የምትውል? አበልጅነት በጠበል ነው እንጂ በዳታ አይደለም፤ ስትናፍቀኝ እደውላለሁ አልሁ። ሰውየውን ሳያስወጡ ድምፁን ብቻ የሚዘጉበት ዘዴ እንዳለ ያኔ የነገረኝ የለም። አማትቤ ሰረዝኋት።

ባሌ ከዓሣው ቀና አለ። «ማን ላይ ነው እንዲህ ያማተብሽው?»

«አበልጄን አወጣኋት።»

«እኔንስ?»

«አንተማ ምንም አትለጥፍ።»

«ዕድሌ ነው» ብሎ ወደ ዓሣው ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሰሞን ደግ ነበር። ደንበኛ አፍ ሳይከፍት እሰማው ጀመር። እጄ ግን አላረፈም። ስልኩን አነሣለሁ፣ ባዶ ነው፣ አስቀምጣለሁ፤ ሳላስበው ደግሞ እጄ ውስጥ አገኘዋለሁ። ሾፌሩ ሻይ ካልጠጣ በቀር የሚታይ የለም። ያስጨነቀኝ ወሬ ሲቀር ዝምታው ራሱ ወሬ ሆነ፤ መንገዱ እውነት ተዘግቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀርቼ ቢሆንስ?

በዚህ መካከል ነው አበልጄ መደወሏን መተዋን ልብ ያልሁት። ሠርጉ ከተቆረጠ ጀምሮ ሳትደውል የምትከርም ሴት አልነበረችም። ደወልሁ፤ ጠራ፣ አላነሣችም። ደገምሁ፤ ጠርቶ ተዘጋ። የአንበሳሜ ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ኔትወርክ ግን እየጠራ ሲዘጋ ድምፁን ዐውቀዋለሁ፤ የሰው ጣት ሲዘጋው ደግሞ ሌላ ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት አቡጀዲና ሻሽ የሚሸጡ ሐጂ አሉ። በገበያ ቀን ጨርቃቸውን ይዘው አንበሳሜ ይወርዳሉ። ስልካቸው ቁልፍ ያለው የድሮ ስልክ ነው። አንድ ማለዳ የራሳቸውን ሱቅ ሳይከፍቱ ወደ እኔ መጡ፤ መርዶ ይዘው የመጡ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«አበልጅሽን አገኘኋት» አሉ።

«ደኅና ናት?»

«እሷስ ደኅና ናት። ምን በድላሽ ነው ከቤት ያስወጣሻት?»

«እኔ? ከየትኛው ቤት?»

«ከስልክሽ።»

ሳቄ መጣ፤ የሐጂ ፊት ግን አልሳቀም።

«ሐጂ፣ እሱ እኮ ቤት አይደለም። ሰው በዛብኝና ጠረግሁት። እሷን ብቻ መሰለዎ?»

«ከማን ጋር ጠረግሻት?»

«ከብዙ ሰው ጋር ነው። ቅባት ሻጭ አለ፣ አጭበርባሪ ነቢይ አለ፣ ወሬኛ አለ...»

«አዪ!» አሉና ተቀመጡ። «አበልጅሽን ከቅባት ሻጭና ከወሬኛ ጋር በአንድ በር? ብቻዋን ብታስወጫት ይሻል ነበር እኮ!»

«ማን ነገራት?»

«ራሱ ስልኩ ነዋ! ልታይሽ ብትገባ፣ ‹ይህችን ሰው ታውቂያታለሽ ወይ? ጓደኛ ልትሆኛት ትፈልጊያለሽ ወይ?› ብሎ ጠየቃት አለች። ‹ልጇን ክርስትና ያነሣሁላትን ሴት ታውቂያታለሽ ወይ አለኝ› እያለች ነው ያለቀሰችብኝ።» ዝቅ ብለው ጨመሩ። «ለሠርጉም አልመጣም ብላለች።»

እዚህ ላይ ነው ሳቁ የጠፋብኝ። የክርስትና እናቷ የሌለችላት ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የማንን ጉልበት ልትስም ነው? ዘመድ ሁሉ «አበልጅሽ የት ሄደች?» ሲለኝ «ጠረግኋት» ልል ነው? ልጄስ? ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው ምሥጢሯን ስትነግር ያደገችው።

ሐጂ እንደ ወጡ የጓደኝነት ጥያቄ ላክሁላት። ጉዴን ያየሁት እንግዲህ ያኔ ነው። ከጠረጋው በፊት ስልኬን የማየው ደንበኛ ሲጠፋ ነበር ብል ያምራል፤ አሁን ግን ሹራብ እያጣጠፍሁ አያለሁ፣ መልስ እየሰጠሁ አያለሁ፣ ወጥ እያማሰልሁ አያለሁ። ተቀበለችኝ? አልተቀበለችኝም። ገጼ እንደ መስተዋት ጸድቷል፤ ውስጡ ያለችው ግን አንዲት የማትመልስ ሴት ብቻ ናት። ያ ሁሉ ነቢይና ዓሣ በላተኛ ተሰብስቦ እንደሷ አላቁነጠነጠኝም።

«ጸዳልሽ?» አለኝ ባሌ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሐጂ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር አሁንም ስልኬን አየሁ።

«አጥፊው» አሉኝ።

«ትመልስልኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እሷ ጋ እየሄድሽ?»

አጠፋሁት። እጄን የማደርግበት ቦታ ስላጣሁ እስከ አንበሳሜ ድረስ የነጠላዬን ጫፍ ስፈትል ሄድሁ።

አበልጄ ከበርበሬ ጆንያዎቿ ኋላ ተቀምጣ ነበር። አልተነሣችም።

«ሐጂ፣ እንደምን አረፈዱ? ይህችን ሴት ከየት አመጧት?»

«ታውቂያታለሽ?» አሏት።

«ስልኩም እንዲሁ ብሎ ጠየቀኝ» አለች።

አጎንብሼ፣ «አበልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልሁ። «ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም። የምትለጥፊው በዛብኝ፤ አንብቤ አልዘልቀው አልሁ።»

«መቼ አነበብሽና! የጎረቤቴ ፍየል ሞታ ብለጥፍ ልብ ሰጠሽኝ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ለሞተ ፍየል ልብ?»

«ሳላይ ነው» አልሁ።

«ሳታዪ መሆኑንማ ዐውቃለሁ!» ድምፅዋ ከፍ ሲል የጎን ነጋዴዎች ሚዛናቸውን ትተው አዩን። «እኔስ ይነበብልኛል ብዬ መሰለሽ? የነጭ ሽንኩርት ጥቅም ለአንቺ ልነግርሽ? ጠዋት አውራ ጣትሽ ሲመጣልኝ፣ ‹ደኅና አድራለች፣ ሱቋን ከፍታለች› እላለሁ። ይኸው ነው። እኔ አሁን ደኅና አደርሽ ወይ የምለው ሰው ማን አለኝ? ሲቀርብኝ ጊዜ ታመመች ብዬ ነው ፍለጋ የገባሁት። ታመመች ብዬ!»

እኔ ጩኸት ነው ያልሁት፤ እሷ ለካ በር እያንኳኳች ነበር።

ሐጂ ጢማቸውን ያዝ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። «በይ እንግዲህ፣ አጥፍታለች፤ እግርሽ ድረስም መጥታለች። ያንን የላከችልሽን ጥያቄ ተቀበያትና እዚህ ላይ ይብቃ።»

«አልቀበልም» አለች። «ነገ ደግሞ ስትጠርግ ልወጣ? እዚያ ተመልሼ አልገባም። ደኅና ማደሯን ከአፏ ልስማ፤ ሱቅ ስትከፍት ትደውልልኝ።»

«በየቀኑ?» አልሁ፤ አመለጠኝ።

«ሰሙ ሐጂ?»

«በየቀኑ» አሉ ሐጂ ቆጣ ብለው። «እሑድ ሲቀር።»

«እሑድም» አለች።

«እሑድም» አልሁ።

በርበሬዋን በእጇ ገለበጠች፣ አሸተተች፣ ሌላ ጆንያ ከፍታ ገለበጠች። ከዚያ ሳታየኝ፣ «የሠርጉን በርበሬ ከማን ገዛሽ?» አለች።

«ገና ነኝ።»

«ደግ አደረግሽ። ያንን የባሕር ዳሩን እንዳትገዢ፤ ቀለም ብቻ ነው። እኔ አዘጋጅቼ ይዤው እመጣለሁ። ልጄን በቀለም አልድርም።»

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ብድግ አሉ፤ ገበያው ሞቆ ጨርቃቸው ገና አልተፈታም ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ። ነጭ ሽንኩርቱም፣ መላእክቱም፣ የጎረቤት ፍየሎችም በድምፅ ይመጣሉ። በጣት ገፍቶ ማሳለፍ የለም። እግሬ ይቁነጠነጣል፣ ዐይኔ ደንበኛ ላይ ይቀራል፤ «አበልጄ፣ ሰው መጣብኝ» ስላት «የማን ልጅ ነው? እስቲ ስጭኝ» ትላለች። አንድ ሁለት ጊዜ ሰጥቻለሁ። ልብሱን ሳይከራከር ገዝቶ የሄደ አለ፤ ምን እንዳለችው አልጠየቅሁም።

ባለፈው ቀን አረፈድሁ። የሱቄ መዝጊያ ጋ ቆሜ ከቁልፉ ጋር ስታገል ስልኬ ጠራ።

«ሞተሻል?» አለች፤ ሰላምታም የለ።

«አልሞትሁም፤ ቁልፉ አልዞር ብሎኝ ነው።»

«እስቲ ልስማው።»

ስልኩን ወደ መዝጊያው አስጠግቼ ቁልፉን ደግሜ አዞርሁት። ብረቱ እየተንቋቋ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።