በሬዲዮ የመጣ አይዞህ

ያሰሩኝ ከሳትኩት ተራራ ሥር ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረ ክፍል። በሩ ሲከፈት እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ፊት ለፊት ይታያል። የመጀመሪያው ቀን አይቼው ፊቴን አዞርኩ። ተራራ ማኩረፍ የሕፃን ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አኮረፍኩት።

ክፍሉ የእርጥብ ብርድ ልብስና የካልሲ ሽታ ነበረው። የእስረኞቹ ካቦ አዲሱ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ የወሎ ሰው ናቸው። አዲስ የገባ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁኝ።

«ኬዝህ ምንድን ነው?»

«በስህተት ነው የመጣሁት።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«እዚህ በስህተት ያልመጣ ማን አለ?» አሉ ካቦው። «ያንተ ስህተት የት ላይ ነው?»

«ሰማይ ላይ።»

ነገርኳቸው። በትንሽ አውሮፕላን የሰብል መድኃኒት እረጫለሁ። ከምዕራብ ስመለስ ደመና ወረደብኝ፤ የአቅጣጫ መሣሪያዬም ከጠዋት ጀምሮ ያስቸግረኝ ነበር። በደመናው ቀዳዳ አንድ ተራራ አየሁና ወጨጫ ነው ብዬ በግራዬ ትቼው አለፍኩ። ወጨጫን በግራህ ትተህ ስታልፍ ሜዳ ነው። እንጦጦን በግራህ ትተህ ስታልፍ ግን ከተማው ነው፤ መብረር በተከለከለበት ሰማይ ውስጥ ትገባለህ። እኔም ገባሁ፤ መሬት እንደነካሁ ያዙኝ።

«በል እንግዲህ» አሉ ካቦው፣ «ከመካከላችን እውነተኛ ስህተት ይዘህ የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ።» እግር የምዘረጋበት ቦታ ሰጡኝ፤ በሩ ሥር፣ ብርዱ የሚገባበት።

ጊዜው ሰው ሁሉ በጎሪጥ የሚተያይበት ነበር። ማን ላከህ፣ ምን ፎቶ አነሳህ የሚለው ጥያቄ መርማሪዎቹን ሲሰለቻቸው የዚያን ቀን የሬዲዮ ንግግሬን ቅጂ ያሰሙኝ ጀመር። መርማሪው ጉንፋን የማይለቀው፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ቅጂው ላይ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ያለሁበትን አላውቅም እላለሁ። ከዚያ ከአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ላይ የአንዲት ሴት ድምፅ ከፍታና አቅጣጫ ይነግረኛል። ሬዲዮ ላይ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ቃሉ ተለክቶ። እኔ ግን የነገረችኝን ሁለት ጊዜ አዛብቼ ደገምኩት፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። እሷም በአማርኛ፣ «አይዞህ፣ አይቼሃለሁ» አለችኝ።

መርማሪው እዚያ ላይ ያቆመዋል።

«በአማርኛ ለምን አወራችህ?»

«ፈርቼ ስለነበር ነው።»

«ታውቅሃለች ማለት ነው።»

«መልኳን አይቼው አላውቅም።»

«የማያውቁትን ሰው አይዞህ ይላሉ?»

«መንገድ ላይ ሰው ሲደናቀፍ እርስዎ ‹እኔን› አይሉም?»

ሳለ፤ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ተጽፎ ያለቀ ቃል ከፊቴ አስቀመጠ። አንድ አረፍተ ነገር ሲቀር የእኔ ቃል ነው። ያቺ አንዷ፣ የምታውቀኝ ተቆጣጣሪ አስቀድማ ግባ ብላ እንደመራችኝ ትናገራለች።

«ከፈረምክ አንተ ታዘህ ያደረግህ ሰው ነህ» አለ። «ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

ባለቤቴ በዚያች ሰዓት ስንቄን በፌስታል ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። ቤቴ ናፈቀኝ። ግን ከፈረምኩ ያቺ ሴት እንደኔ በር ሥር ልትተኛ ነው። ከእሷ በኋላ ደግሞ የትኛው ተቆጣጣሪ ለጠፋ ሰው አፉን ይከፍታል? የጠፋውስ ጠፍቻለሁ ብሎ ይናገራል? ሥራውን ሲያስተምሩን መጀመሪያ የነገሩን ይህንን ነው፤ መንገድ ሲጠፋህ ሳትኮራ ቶሎ ተናገር።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። በዚያች አረፍተ ነገር ላይ አንድ መስመር አሰመርኩባት፤ በኋላ ማን ሰረዛት እንዳይባል ጎኗ ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ከታች ፈረምኩ።

«ሌላው ልክ ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። «አበላሸኸው» አለ። እሱም የደከመው ይመስል ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ካቦው ቀና አሉ።

«ትወጣለህ?»

«እቆያለሁ።»

የሆነውን ሰምተው ብርድ ልብሳቸውን ወደ ጎን ሳቡ። «በል ና፣ ግድግዳው ጋ ተኛ። አይዞህ።»

«ይጠንቀቁ፣ በአማርኛ ነው ያሉት» አልኳቸው። ሳቅን፤ ከገባሁ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ብዙ ሳምንት ቆይቼ ያለ ክስ ለቀቁኝ። የበረራ ፈቃዴን ግን አልመለሱልኝም። አሁን ዊንጌት አካባቢ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ያቺ ሴት አልታሰረችም፤ ከማማው አንስተው ቢሮ አስቀመጧት አሉ። ዛሬም ስሟን አላውቅም።

በቀደም ታክሲ ስጠብቅ ከድሮ ባልደረቦቼ አንዱን አገኘሁት፤ አሁንም ይበራል። ደመና ሲወርድባችሁ ምን ታደርጋላችሁ አልኩት።

«በቃ፣ ዝም ብለን ቀዳዳ እንፈልጋለን» አለኝ። «ማን አብዶ ጠፋሁ ይላል? አንተን አይተን።»

ታክሲው መጣ፤ ሳልሳፈርበት ሄደ።

ክረምት ላይ ጉለሌን ደመና ሲጭናት አንዳንዴ ከላይ የትንሽ አውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። ተማሪዬን መኪናውን ዳር አስይዘውና እወርዳለሁ። አብራሪውን ተናገር እለዋለሁ በሆዴ፤ ጠፍቻለሁ በል። ድምፁ እንጦጦን አልፎ እስኪሄድ ከቆምኩበት አልንቀሳቀስም።