ላሞቹን የደበቀው ሰፈር

ከቤቴ የወጣሁት ሌሎች ሰዎች ስለ ቤታቸው የሚናገሩትን ለመጻፍ ነው። መዓዛ የምትባል አርክቴክት፣ አንድ ምሽት ግጥም ሳነብ ሰምታኝ ኖሮ፣ ስልኬን ፈልጋ ደወለችልኝ። ከሀይሌ ጋርመንት ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የቆየ የገበሬ ሰፈር ፈርሶ እዚያው ቦታ ላይ ፎቅ ሊሠራለት ነው። መዓዛና ጓደኞቿ ንድፉን ከነዋሪዎቹ ጋር አብረው ሊያወጡ አስበዋል። "እኛ መስመር ስንስል ሰው የሚለው ያመልጠናል፤ አንተ ጆሮ ሁንልን" አለችኝ። ሥራ አልነበረኝም። ቅዳሜ ደግሞ የሚረዝምብኝ ቀን ነው። እሺ አልኩ።

ብስራተ ገብርኤል፣ ማለዳ

የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቀስ እያሉ ከቤተክርስቲያን ይመለሳሉ። በመሀላቸው ብቻዬን ወደ ታክሲው ወረድኩ። ረዳቱ "መካኒሳ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮሃል፤ ውስጥ ግን ገና አራት ሰው ነው ያለው። ሞልቶ ሲንቀሳቀስ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ" ትላለች። ገና ማዞሪያውን አልጨረስንም። ዋሽታም ቢሆን "ደርሻለሁ" የምትለው ሰው አላት ብዬ ቀናሁ።

መካኒሳ ላይ ወርጄ ሌላ ታክሲ እስኪመጣ ትኩስ ቦምቦሊኖ በሻይ በላሁ። የምትጠብሰዋ ሴት ዘይቱን እያየች፣ እኔን ሳታይ፣ "ስኳር ይጨመር?" አለችኝ። ይጨመር አልኩ። እስከ ወንዙ ድረስ፣ ከሂሳብ በቀር፣ ሰው የጠየቀኝ ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው።

ሀይሌ ጋርመንት

እዚህ ሁሉም ነገር ውጭ ነው፤ ፍራሹ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ከፎቆቹ በረንዳ ላይ የተሰጣው አንሶላ። ከአደባባዩ ባሻገር ባጃጆች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያውን "ወንዙ ድረስ" አልኩት።

"ወንዙ ድረስ? ጨመር አድርግ፤ መንገዱ ጎማ ይበላል።"

"ጭቃው ደርቋል እኮ።"

"የደረቀው ነው የሚበላው፣ ብሮ።"

ጨመር አደረግኩ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ጀመረ። በቀኝ ያልተጨረሱ ፎቆች ከነብረታቸው ቆመዋል፤ በግራ ቢጫ መሆን የጀመረ የጤፍ ማሳ አለ። በመሀላቸው ያለችው መንገድ የኛዋ ብቻ ናት። ሾፌሩ ጎርበጥበጥ ባልን ቁጥር በመስታወቱ እያየኝ "አላልኩህም?" ይላል።

ወንዝ ዳር

ከቀጠሮው ቀደም ብዬ ስለደረስኩ ማንም አልጠበቀኝም። በወንዙ መሻገሪያ ላይ ጉድ አየሁ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ከብቶቹን እየነዳ ወደ ማዶ ያሻግራል። ወዲህ የቀሩት ሴቶች በር በሩን ይጠርጋሉ፤ አንዷ ኩበቱን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ ከቤት ኋላ ትቆልላለች፤ ሌላዋ የድርቆሹን ክምር በሰማያዊ ሸራ ትሸፍናለች። በዓል መሰለኝ።

አንዲት ጠና ያለች ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ሁለት ላሞች እየነዳች መጣች። አንደኛዋ፣ ግራጫዋ፣ ውሃው ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ሂጂ እንጂ ዳለቻ! ዛሬ ልታዋርጂኝ ነው?" ብላ ጎኗን በመዳፏ መታቻት። ከዚያ እኔን አየች። "አንተስ ምን ገትሮሃል? ግፋልኝ!"

ገፋሁ። ዳለቻ ጫማዬን ረግጣ ተሻገረች።

"ወዴት ነው የሚሄዱት?" አልኳት።

"እንግዳ ሊመጣ ነዋ! መሐንዲሶች። ፎቅ የሚሠሩልን። ከብት ጋር የሚያድር ሰው ፎቅ አይገባውም እንዳይሉን።" እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "አንተ ግን ማነህ? ቆጣሪ ልታነብ ነው የመጣኸው?"

"ከመሐንዲሶቹ ጋር ነኝ።"

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ማዶ ያሉትን ላሞች አየች፤ እኔን አየች።

"ምንም አላየሁም፣ እናቴ" አልኳት።

"እሱማ ምን አለና ታያለህ" ብላ ሄደች። ስሟ እትዬ ጫልቱ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሜዳው ላይ

መዓዛ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በፒክአፕ መጣች። የጫኑት ወረቀት ሳይሆን ኖራ ነው፤ የኳስ ሜዳ የሚሰመርበት። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ኦቦ ደጀኔ ኮታቸውን ለብሰው ተቀበሉን፤ ነዋሪው ሜዳው ላይ ተሰብስቧል።

መዓዛ ጮክ ብላ አስረዳች። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚፈልገውን ቤት በኖራ በእውነተኛ ስፋቱ ልክ መሬት ላይ ያሰምራል፤ ገብቶ ይዞርበታል፤ ጠበበኝ ሰፋኝ ይላል። "ንድፉ ሰኞ ለሚያጸድቀው ቢሮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መለወጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ አትፈሩኝ። ያላችሁን፣ የምትሠሩትን፣ የምታሳድጉትን ሁሉ ንገሩኝ።"

"የምናሳድገው ልጅ ነው" አሉ ኦቦ ደጀኔ። ሰው ሳቀ። እትዬ ጫልቱም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

ከዚያ ሜዳው መንደር ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ነጩ መስመር ከተሰመረ በኋላ ማንም አይረግጠውም። ጎረቤት ጎረቤቱን ሊጠይቅ ሲሄድ በር ተብሎ በተተወው ክፍተት ላይ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል፤ ውስጥ ያለው፣ ዙሪያው ሜዳ ሆኖ ሁለቱም እየተያዩ፣ "ማነው? ግቡ!" ይላል። አንዲት እናት መስመር ዘላ የገባች ልጇን "በግድግዳ ነው የሚገባው? ውጪና በበር ነይ!" ብላ መለሰቻት።

እኔ ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ ጻፍኩ። ሁሉም ሳሎን አለ። ሳሎን፣ ሰፊ ሳሎን፣ ከዚህ እስከዚያ ሳሎን። ትንሽ ሱቅ ያለው ስንታየሁ የሚባል ጎልማሳ እንኳ ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበትን ግድግዳ አሳየኝ፤ ባዶውን ሜዳ በጣቱ እያንኳኳ። ብዙዎቹ "ግባ፣ አረፍ በል" ይሉኛል፤ ሣሩ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ጥቂት ቆይተው ወደየራሳቸው ጨዋታ ይመለሳሉ። ያን ያህል ቤት ገብቼ ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

የእትዬ ጫልቱ ሳሎን ከሁሉም ይበልጣል። ጎኑ ምንም የለም።

"የሚተኙት የት ነው፣ እትዬ?" አለቻት መዓዛ።

"ሶፋው ላይ።"

"ወጥ የሚሠሩትስ?"

"ለአንድ ሰው ምን ወጥ አለ? ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል። አንቺ ሳሎኑን አሳምሪልኝ፤ ሌላው ግድ የለም።"

መዓዛ ወደ እኔ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ "አንድ ነገር ጎድሎኛል" አለችኝ። "እነዚህ ሰዎች በምን እንደሚኖሩ አልገባኝም። ምን ሰማህ?" ወንዙ ላይ ምንም አላየሁም ብያለሁ። ሚስጥሩ የኔ አይደለም። "ሳሎን" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከእትዬ ጫልቱ እውነተኛ ቤት ውስጥ ጥጃ ጮኸ። ላሞቹን ሲያሻግሩ ጥጆቹን እቤት ዘግተውባቸው ኖሯል። እትዬ ጫልቱ ማሳል ጀመረች። ጥጃው ደገመ። ከማዶ አንድ ወፍራም ድምፅ መለሰለት፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ።

ማዶ የቀሩት እረኞች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የመታለቢያ ሰዓት ነው። ላሞቹ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ሜዳው ላይ ተግተልትለው መጡ። ለነጩ መስመር ደንታ የላቸውም። በአንዱ ሳሎን ገብተው በሌላው መኝታ ቤት ወጡ። ዳለቻ በእትዬ ጫልቱ ሳሎን መሀል ቆመችና፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ጅራቷን አነሳች።



"የማን ናት?" አለች መዓዛ።

 ዳለቻ አንገቷን ዘርግታ የእትዬ ጫልቱን ነጠላ ጫፍ ማኘክ ጀመረች።

"አላውቃትም" አለች እትዬ ጫልቱ፣ ነጠላዋን እየጎተተች።

ሳቁ ፈነዳ። መዓዛም ሳቀች። እትዬ ጫልቱ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ ሞላ።

"የኔ ናት! ምን ትስቃላችሁ? ልጆቼን ያሳደገችው የእሷ እናት ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ የማወራው ከማን ጋር መሰላችሁ? ከእናንተ ጋር ነው? ሳሎን ሰጥታችሁኝ እሷን ከሸጥኳት፣ ሳሎኑ ውስጥ ምን ላደርግ ነው? ልቀመጥ?"

መዓዛ ሳቋን ዋጠች። "እትዬ፣ ለእርስዎ ብቻ ከሆነ በረት ላስገባ አልችልም። ቢሮው አይሰማኝም። ሌሎቻችሁም ከብት ካላችሁ አሁን ንገሩኝ።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከብቶቻቸው ከጀርባቸው ቆመው ሣር ይግጣሉ፤ እነሱ አያውቋቸውም። ኦቦ ደጀኔ የኮታቸውን ቁልፍ ይነካካሉ።

"ኧረ ፎቅ የምንወጣው የላም ሽታ ልንምግ ነው?" አለ ስንታየሁ።

"አንተ ደግሞ! ልጅህ የሚጠጣው ወተት ከሱቅህ መደርደሪያ ነው እንዴ የሚታለበው?" አለችው እትዬ ጫልቱ።

 እትዬ ጫልቱ የኖራውን ባልዲ አነሳች። የሳሎኗን መስመር በእግሯ እየጎተተች አጠፋችው። ከዚያ አንድ ጠባብ ክፍል አሰመረች፤ ከጎኑ፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ፣ ጋጣ። "ሌሊት ስትተነፍስ ልሰማት" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ጋጣው ውስጥ ገብታ ከላሟ ጎን ቆመች። ያ ሁሉ ሰው እያለ፣ ያ ሁሉ ቤት እያለ፣ ሜዳው ላይ ሌላ ሰው የሌለ መሰለኝ። ሄጄ አጠገቧ ልቆም ፈለግኩ። ግን እኔ ላም የለኝም፤ የኔ መቆም ለመዓዛ ምኗም አይደለም።

 ከዚያ ኦቦ ደጀኔ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣሉና በጋጣው መስመር አጠገብ ቆሙ።

"ቤቶች" አሉ።

እትዬ ጫልቱ በቁጣ አየቻቸው። "ደብቁ ያልከን አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ። ሁለት ላምና አንድ በሬ አለኝ፣ ኢንጂነር። አሁን ልግባ?"

"በሩ በዚያ ነው" አለች እትዬ ጫልቱ።

ዞረው በበሩ ገቡ። ቀጥላ ኩበት ስትደብቅ ያየኋት ሴት ገባች፤ ከዚያ ሌሎች። ጋጣው ሲጠብ መስመሩን ወደ ውጭ ገፉት። ሁሉም አልገቡም፤ ጥቂቶች ከብቶቻቸውን ነድተው ዝም ብለው ሄዱ። ስንታየሁ የራሱን ሳሎን መስመር ሳይለቅ ቆሞ "ነፋሱ ወደ ወንዙ ነው የሚሄደው" አለ፤ "በረቱን ለሁሉም አንድ ላይ አድርጋችሁ በዚያ በኩል ብትወስዱት እኔ አልቃወምም።"

ወደ ወንዙ በኩል ወሰዱት። ሲጠናቀቅ የከብቶቹ ጋጣ ከሰዎቹ ፎቅ ተለየ፤ የአንድ ግድግዳው ነገር ቀረ። እትዬ ጫልቱ ርቀቱን በዓይኗ ለካችው።

"አልሰማትም ማለት ነው" አለች።

"የእርስዎን ክፍል ምድር ቤት፣ በረቱ ጫፍ ላይ አደርገዋለሁ። መስኮቱ ወደዚያ ይሆናል" አለቻት መዓዛ።

"ቢሮው እምቢ ቢልስ?"

"አላውቅም፣ እትዬ። ግን እምቢ የሚለው ንድፉ ላይ ተስሎ አይቶት ነው።"

 "ተስሎ ከሆነ፣ እኔ ራሴ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ" አለች እትዬ ጫልቱ። ከዚያ ጥጃውን ልትፈታ ሄደች። ሰው ወተት ሊቀዳ ጆግና የውሃ ጠርሙስ ይዞ ተከተላት፤ ስንታየሁም ከኋላ ነበረ።

መመለስ

መዓዛ በፒክአፑ እስከ ሀይሌ ጋርመንት አደረሰችኝ። መንገዱን በሙሉ ስለ ፍሳሽና ስለ ግድግዳ ውፍረት ከጓደኞቿ ጋር ስትከራከር ሰማሁ። የታክሲው ሰልፍ አስፋልቱን ይዞ ታጥፏል። ጫማዬ ላይ የዳለቻ ኮቴ ምልክት አለ፤ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ አፍንጫውን ሸፍኖ ትንሽ ራቀኝ።

በዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰውን "ምን ትፈልጋለህ?" ብለው ሲጠይቁት መጀመሪያ የሚሰጠው የጠያቂውን መልስ ነው። ቤቱን ጠርጎ፣ ኩበቱን ሸፍኖ፣ የሚወዳትን ላም ወንዝ አሻግሮ ይመልሳል። አብሮ መንደፍ የሚባለው ነገር ያን መልስ ሰምተው ሳይሄዱ እስከ መታለቢያ ሰዓት መቆየት ይመስለኛል።

ብስራተ ገብርኤል ስደርስ መሽቷል። አከራዬ እትዬ ብርቄ በር ከፈቱልኝና እንደ ሁልጊዜው "ምን ጎደለ ልጄ? ደህና ነህ?" አሉኝ። ይህን ሲጠይቁኝ "ምንም፣ ደህና ነኝ" ብዬ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፤ እሳቸውም ወደ ቤታቸው። ዛሬም ያው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"መስኮት" አልኳቸው።

"ምን አልክ?"

"ክፍሌ መስኮት የለውም። ቀን ይሁን ማታ አይታወቀኝም።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እሱማ አይሆንም፤ ግድግዳው የጎረቤት ነው" አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ፣ ክፍሌ በር ድረስ መጥተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። "ይህን ያህል ይጨልማል እንዴ? እስቲ መብራቱን አብራ፤ ልየው።"