ካስማ የማይገባበት ግቢ

የደብረ ማርቆስን ጭቃ የሚያውቅ ሰው በታናሽ እህቴ አይፈርድም። በኔ ሰርግ ቀን ዝናብ ጥሎ፣ የባሌ አንደኛ ሚዜ ከእናቴ ግቢ የወጣው ባንድ እግር ጫማ ነበር፤ ሌላኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም። እህቴ ያን ጊዜ ልጅ ብትሆንም አልረሳችውም። ተራዋ ሲደርስ ሰርጓ አዳራሽ እንዲሆን ወሰነች፤ ቬሎዋን ጭቃ ላይ እንደማትጎትትም ቁርጡን ተናገረች።

እናቴ ደግሞ አዳራሽ የሚባል ነገር አትወድም። «ልጄን ከሰው ቤት ልሸኛት ነው? ከደጄ ነው የምትወጣ» አለች። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ እኔም ብሆን ከዚያው ዘር ነኝ። ሳምንት ሙሉ ከተኳረፉ በኋላ እንዲህ ተስማሙ፦ ግቢው ከፋሲካ በፊት ኮብልስቶን ከለበሰ ሰርጉ ቤት ይሆናል፤ ካልለበሰ አዳራሽ።

ድንጋይ ለመምረጥ እናቴና እኔ ከከተማው ዳር ጠራቢዎች ወደሚሠሩበት ሄድን። ንጣፉን የሚሠራልን ጎልማሳ፣ የሉማሜ ሰው፣ አብሮን ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ ተጠርቦ በየክምሩ ተቀምጧል። እኔ በመልኩ ልመርጥ ስል እናቴ ሁለት ድንጋይ አንስታ አጋጨቻቸውና ጆሮዋን ጣል አደረገች። ማድጋ ስትገዛም እንዲሁ ናት፤ በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ካልጮኸላት ገንዘቧን አትፈታም።

«እማማ፣ ውኃ አይቀዱበትም እኮ» አለ አንጣፊው።

«የተሰነጠቀ ነገር ድምፁ ያው ነው» አለችው። «ይኼ አይሆንም። ይኼም አይሆንም።»

ሁዳዴ ነበርና ሆዳችን ባዶ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገና የመጀመሪያው ክምር ላይ ነበርን። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው አኮረፉ፣ በመጨረሻ ግን እነሱም ሳይታወቃቸው ማጋጨት ጀመሩ። ስንወጣ ቦታው ሁሉ ቋ፣ ቋ ይል ነበር።

አንጣፊው አሸዋውን ደልድሎ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ ጎርፉ ወደ በሩ እንዲወርድ ጥቂት እያዘነበለ ይደረድር ጀመር። እናቴ በርጩማዋን ይዛ ከኋላ ከኋላው ትከተለዋለች። በድንጋዮቹ መሐል ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት ካየች፣ «ይችን ምነው ተውካት?» ትለዋለች። በአጥሩ ሥር ለአበባ የሚሆን መሬት እንተው ብሎ ቢለምናትም አልሰማችውም።

«አበባ በጣሳም ይበቅላል፤ ጭቃ የሚባል ዘሩም እንዳይቀርብኝ።»

ሆሳዕና ሳይደርስ ከግድግዳ እስከ አጥር ሁሉም ድንጋይ ሆነ። እህቴ ረጅም ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ ተመላለሰችበት፤ ተረከዟ የሚሰነቀርበት ቀዳዳ ስታጣ ተረታች። እናቴ ያን ሰሞን ጎረቤቱን እየጠራች ታስረግጥ ነበር።

የሰርጉ ዋዜማ የእድራችን ሰዎች ድንኳኑን በጋሪ አምጥተው አራገፉ። ሸራው ተፈታ፣ ምሰሶው ተገጣጠመ፣ ገመዱ ተዘረጋ። ከዚያ አንዱ ካስማና መዶሻ ይዞ ጎንበስ አለ፤ እንደጎነበሰም ቆየ። ቀና ብሎ የእድሩን ዳኛ አየ። የእድሩ ዳኛ እናቴን አየ። በግቢው ውስጥ ካስማ የሚመታበት አንድ ስንዝር አፈር የለም።

«በርሜል ላይ እንሰረው» አለ አንዱ።

«የማርቆስን ነፋስ በበርሜል?» አለ ሌላው።

ከጣሪያው ጋር እንሰረው ያለም ነበር፤ ድንኳኑ ሲሄድ ቆርቆሮውም አብሮ እንዲሄድ መሆኑ ነው። እህቴ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ፣ «አንድ ያልተያዘ አዳራሽ አለ አሉኝ» ብቻ አለች።

እናቴ አሳዘነችኝ። ድምፁን ሰምታ በመረጠችው ድንጋይ መሐል ቆማ፣ ልጇ ከደጇ ሳትወጣ ልትቀር ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ «ዲጅኖ አምጡ» አለች።

የመጀመሪያውን ራሷ ልትነቅለው ብትታገል ድንጋዩ ንቅንቅ አልል አለ። አንጣፊው ለእርድ ሊያግዝ መጥቶ ነበርና ወደሱ ዞረች።

«ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ያጠበቅኸው?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ፣ እማማ።»

«እኔ ብልስ?»

ዲጅኖውን ተቀብሎ የገዛ ሥራውን እያየ ይነቅል ገባ። ድንኳኑ ሳይመሽ ቆመ። በማግስቱ ዘነበ፤ የአንድም ሚዜ ጫማ አልጠፋም። እህቴ ቬሎዋን ሳትሰበስብ ከእናቷ ደጅ ወጣች፤ እናቴ እስከ በሩ እየጨፈረች ሸኘቻትና ከበሩ መልስ አለቀሰች።

ድንኳኑ ሲነሣ ግቢው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ቀረ። አንጣፊው የተነቀሉትን ሊመልስ ሲመጣ እናቴ ከለከለችው።

«ተዋቸው። አሸዋ ሙላባቸው፤ ድንጋዩን እዚያ ጥግ ደርድረው።»

«ለምን፣ እማማ?»

«የምድረው ልጅ ጨረስኩ። የቀረው ድንኳን የኔ ነው፤ ለቀስተኛ ድንጋይ ሲነቅል አይዋል።»

ይኼን ያለችው ሽንኩርት እየላጠች ነው። አንጣፊው ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም፤ ተናደድኩ። እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቄ አሸዋውን ዛቅሁና፣ ሲባጎም ውኃ ልክም ሳልይዝ፣ ድንጋዮቹን አንድ ባንድ መለስኳቸው። ክንዴ እስኪዝል በመዶሻ ደበደብኳቸው። ለዚያ ድንኳን መሬት የማዘጋጀው እኔ አይደለሁም፤ የሚተክለው ሰው ይልፋ።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየቻቸው። ባንዱ ላይ ቆማ ረገጥ ረገጥ አደረገችው።

«ጠማማ ነው» አለች።

«ጠማማም ቢሆን አይነቀልም» አልኳት።