ሞላው የላላ ሰንጢ

አባቴ ሰንጢ ሲገዛ አብሮት የቆመ ሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኝ ነበር። ትልቋ ልጁ ስለሆንኩ አብሬው የምቆመው እኔ ነበርኩ። ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣ ዕቃ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ፣ የተከበረ የሒሳብ መምህር፣ እፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ሰንጢዎቻቸውን ይፈትናል። ግራኝ ነው፤ የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር ስለቱ ላይ ባለችው ጭረት አስገብቶ ይከፍታል። ስለቱን ግራና ቀኝ ይወዘውዘዋል፤ ከተነቃነቀ አበቃለት። ወደ ፀሐይ ያነሣና በሞላውና በእጀታው መካከል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ጆሮው ሥር ይዘጋዋል፤ «ቀጭ» ካላለ አይሆንም። በመጨረሻ የተዘጋውን ሰንጢ ያወናጭፈዋል። ስለቱ በራሱ ከወጣ ቀና ይልና፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ኪስ ውስጥ ሰው ይወጋል!» ይላቸዋል። ሽማግሌው ይስቃሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ የማልስቀው።

«ጥሩ ሰንጢ ጥፍር ካላገኘ አይከፈትም» ይለኝ ነበር በመንገድ ላይ፣ የጠየቅኩት ይመስል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሸንኮራ ነው። እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ የወንጂ ሸንኮራ ይገዛና በረንዳ ላይ ተቀምጦ ልጦ፣ ቆራርጦ ያድለናል። ያን ሥራ ለማንም አያስነካም። ለእኔና ለወንድሞቼ እሑድ ማለት ከአባቴ እጅ የምንቀበለው ሸንኮራ ነበር።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ ቀን እኛ ሳሎን ሲጸልዩ የታጠቁ ሰዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። በር ላይ ሲፈትሹት ሰንጢውን አገኙ። አንዱ፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ፣ ከፈት ዘጋ አደረገና ወደደው፤ እዚያው ኪሱ ከተተው።

አባቴ የተፈታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከሥራው ታግዷል፣ ከስቷል፤ ይስቅ ግን ነበር። እናቴ «መቱህ ወይ?» ብትለው፣ «ማን ይነካኛል? ግማሾቹ እኮ ተማሪዎቼ ናቸው» አላት። አመንነው፤ ማመን ስለፈለግን አመንነው። በዚያ የናዝሬት ሙቀት ጋቢ ደርቦ፣ ግራ እጁን ከውስጥ ሸሽጎ ሲውል፣ እስር ቤት ብርድ ገብቶበት ነው አልን። ማዕድ ላይ በቀኝ እጁ ስለሚበላ ማንም ልብ አላለም።

ሸንኮራ ግን አልገዛም። ሰንጢ ስለሌለው መሰለኝ። ሰንጢ ካገኘ አባቴ እንደ ድሮው የሚሆን መሰለኝ። ወደ ሽማግሌው ሄጄ እንደሱ ቁጢጥ ብዬ ወዘወዝኩ፣ ወደ ፀሐይ አነሣሁ፣ ጆሮዬ ሥር ዘጋሁ። ለካ እያፈርኩ ተምሬዋለሁ። እሱ እንኳ እንከን የማያወጣለት ሰንጢ መረጥኩ።

እሑድ ከሸንኮራ ጋር ሰጠሁት። ደስ ሲለው ረሳና ግራ እጁን ከጋቢው አወጣ። አውራ ጣቱ ጭረቷ ላይ አረፈና ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ አየሁት። ጥፍር የለውም። የአንዱም ጣት ጥፍር የለም። በቀኙ ሊከፍት እጀታውን በግራ ቢይዝ፣ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉና ሰንጢው ወለሉ ላይ ወደቀ። ወንድሞቼ ሸንኮራቸውን ይጠብቃሉ።

«ጥሩ ነው» አለኝ እጁን ወደ ጋቢው እየመለሰ። «በጣም ጥሩ ሞላ ነው።»

ጓሮ ሄጄ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። በዚያ እጁ ነበር የሚጽፈው። በዚያ እጁ ነበር ፊደል ያስቆጠረኝ።

በማግሥቱ ሽማግሌው ገና ሲያዩኝ፣ «አካም ጂርታ የኔ ልጅ! አባትሽ መልሺ አለሽ አይደል?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ወዶታል። ሌላ ፈልጌ ነው። ሞላው የላላ፣ ሲያወናጭፉት በራሱ የሚከፈት ይስጡኝ።»

«የላላ? አባትሽ አይምርሽም!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። ዕቃቸውን ሲያገላብጡ ቆይተው አንድ የተወላገደ ሰንጢ አውጥተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ በቀኝ እጁ አወናጨፈው፤ ስለቱ ወጣ። ወዘወዘው፤ ተነቃነቀ። ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ብርሃኑ በመሐል አለፈ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ እንዳወቅኩበት ገባው። ሸንኮራውን በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ በማይሆንለት ቀኝ እጁ መላጥ ጀመረ። ቁርጥራጩ ጠማማ ነበር፤ ልጣጩም በደንብ አልለቀቀም። ለሁላችንም አደለን። ሲጨርስ ሰንጢውን ጭኑ ላይ ተጭኖ ዘጋው፤ «ቀጭ» አላለም።

«ግሩም ሰንጢ ነው» አለኝ።

አባቴ ስለ ሰንጢ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።