የኦሬል ቲቦዶ ስም የወረደበት ማክሰኞ

አባቴ ቶይቮ ላህቲ ቁጭ ብሎ አንድም የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ አይቶ አያውቅም። ስምንት ዓመት ከከተማችን ቡድን መልበሻ ክፍል ውጭ ባለው ኮሪደር ላይ እየተንጎራደደ አየ። የቀረውን ሃያ ሁለት ዓመት ደግሞ ከላይኛው መቀመጫዎች ጀርባ ወዲያና ወዲህ እያለ። ቲኬቱ ላይ የመቀመጫ ቁጥር ነበረው፤ መቀመጫው ላይ ግን ሁልጊዜ የሚቀመጠው ካፖርቱ ነው። ቤትም እንደዚያው ነበር። ሾርባውን ቆሞ ይጠጣል፣ በስልክ ሲነጋገር ገመዱ እስከፈቀደለት ይራመዳል። ሳውና ውስጥ እንኳ አጎቶቼ ላብ በላብ ሆነው ሲቀመጡ እሱ በሩን እየከፈተ ንፋስ ያስገባባቸው ነበር።

ጸጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት አንድ ሥራ ላይ ብቻ ነው። ስም ሲጽፍ።

ፖርት ሄለን ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራ። በ1979 ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ሲወስድበት በጡረታ ተሰናበተ። አራት ወር ቤት ውስጥ ሲንከራተት እናቴ ታገሠችና፣ በአምስተኛው “ወይ አንተ ትወጣለህ፣ ወይ እኔ” አለችው። እሱ ወጣ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የበረዶ ሜዳ ሄዶ “በረዶ ሰባሪዎቹ” የተባለውን የሆኪ ቡድን መልበሻ ክፍል እንዲያሰናዳ ተቀጠረ። ፎጣ ያጥባል፣ የመጫወቻ ዱላ ይቆጥራል፣ የመንሸራተቻ ጫማ ስለት ይሞርዳል፣ ወለሉ ላይ የተሳለውን የቡድኑን ዓርማ ማንም እንዳይረግጠው ይጠብቃል። የረገጠ አዲስ ልጅ ለሁሉም ቡና ይገዛል።

በረዶ ሰባሪዎቹ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው የሚጫወቱ ናቸው። ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ናቸው፤ ግን እዚያ ለመቆየት ብሎ የመጣ የለም። ወይ ወደ ላይ ይጠራሉ፣ ወይ በሌላ ቡድን ተጫዋች ይለወጣሉ፣ ወይ ይሰናበታሉ። ስለዚህ ከየመቀመጫው በላይ ስማቸው የሚጻፈው በናስ ሳይሆን በነጭ የጨርቅ ፕላስተር ላይ ነው፤ ዱላቸውን በሚጠቀልሉበት በዚያው ፕላስተር። አባቴ ከጥቅልሉ አንድ ክንድ ያህል ቀዶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል፣ ማርከሩን በሦስት ጣቶቹ ይይዛል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ በትልልቁ ይጽፋል። ያን ጊዜ እግሩ አይንቀሳቀስም። ለዓይኑ የተጣመመ ከመሰለው ቀዶ ይጥለውና እንደገና ይጀምራል።

ከእሱ በፊት ከነበረው ሰው የወረሰው አንድ ደንብም ነበረው። የተለወጠ ተጫዋች ስም የሚወርደው ሰውየው ራሱ ሻንጣውን ይዞ ከበሩ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም። አንድ ጊዜ፣ ከአባቴ ዘመን በፊት፣ የተለወጠ ልጅ የረሳውን ሻምፑ ሊወስድ ሲመለስ በቦታው የሌላ ሰው ስም ተለጥፎ አገኘ፤ ሻምፑውን ትቶ ሄደ ይባላል። ይህን በማስረጃ ላረጋግጥ አልቻልኩም፤ እሱ ግን እንደ ሕግ ይዞት ነበር።

ደጋፊነቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ጠዋት ኬይሎ ዶናት ቤት ከፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ሲገናኝ ስለ ልውውጥ የሚያወራው ያገለገለ መኪና እንደሚገበያይ ሰው ነበር። በዚያ ክረምት፣ በ1987፣ ሊለውጠው የፈለገው የቡድኑን አምበል ኦሬል ቲቦዶን ነው።

“ቲቦዶ አልቋል” ይላል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። “ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ከኮሪደሩ ይሰማኛል። የሚወስደው ሞኝ ሳይጠፋ አሁን ነው መስጠት።”

“በማን ልትለውጠው?” ይሉታል።

“በዌንት። ሃያ ሦስት ዓመት፣ ሠላሳ አንድ ግብ።”

“ሠላሳ አንድ ግብ ያለው ልጅ ለአንድ ሽማግሌ ማን ይሰጥሃል? ጣቶችህን ጨምርበት እንጂ!”

“ሁለቱን ፋብሪካው ወስዷል። የቀሩት አይለወጡም።”

ከዚያ ተነስቶ ይሄድና ለዚያው ቲቦዶ በሁለት ከረጢት በረዶ ሞልቶ ጉልበቱን ያስርለታል። እናቴ የሠራችውን የዓሣ ሾርባ በቴርሞስ ያመጣለታል፤ ቲቦዶ ከኒው ብረንስዊክ የባሕር ጠረፍ የመጣ ነውና ዓሣ ያለበትን ሁሉ ይወዳል። አንድ ቀን “ሰውየውን እንዲህ እየወደድከው እንዴት ይሂድ ትላለህ?” ብዬ ጠየቅሁት። “እሱ ሌላ፣ ሆኪ ሌላ” አለኝና ወደ መስኮቱ ሄደ።

እኔ በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ ከሜዳው ፎቅ ላይ ባለው የቡድኑ ጽሕፈት ቤት ወረቀት አስተካክላለሁ፣ ቴሌክስ እልካለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ማኬልቪ ሲቀጥረኝ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እዚህ የምታነቢው እዚሁ ይቀራል።”

ማርች 10 የልውውጥ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ማክሰኞ። የልውውጡ በር የሚዘጋው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንደዚያ ባለ ቀን መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም ይቀልዳል፣ ቀልዱም ከወትሮው ይፈጥናል። አባቴ ጠዋት ሲገባ ግብ ጠባቂው ዌስ ዱቢክ፣ “ሽማግሌው፣ የማንን ስም ጽፈህ ደብቀሃል? ኪስህን አሳየን!” ብሎታል።

“ያንተን። አንድ ባልዲ ነው የሚሰጡን።”

“ባዶ ነው ሙሉ?”

“ቀዳዳ ነው። እንዳንተ።”

ሁሉም ሳቁ። ቲቦዶም ሳቀ። እኩለ ቀን ሲያልፍ ለልምምድ ወደ በረዶው ወጡ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ማኬልቪ አንድ ወረቀት ሰጠኝና ወደ ሊጉ ጽሕፈት ቤት ላኪ አለኝ። ኦሬል ቲቦዶ በከርቲስ ዌንት ይለወጣል፤ የሕክምና ምርመራ ውጤት እየተጠበቀ። ላክሁ። እሱ ምሳ ሊያመጣ ወጣ። እኔም ስልኩን አንስቼ ወደ መልበሻ ክፍሉ ደወልኩ።

ለምን? አባቴን ለማስደሰት። ከገና ጀምሮ የተመኘውን ከማንም በፊት እንዲሰማ ብዬ።

“አባዬ፣ ዌንት መጣልህ።”

“በማን?”

“በማን ትፈልግ ነበር?”

ከዚያ “ቆዪ” ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። ከርቀት፣ ከቆየ እንጨት ላይ ፕላስተር በአንድ ትንፋሽ ሲላጥ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ ረጅም። የምርመራውን ነገር አልነገርኩትም ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ነበረ፤ በራሴ እጅ ነው የላክሁት።

ስምንት ሰዓት ከሦስት ላይ መልሱ መጣ። የዌንት ትከሻ ምርመራውን አላለፈም፤ ልውውጡ ተሰርዟል። ምሳ ይዞ የተመለሰው ማኬልቪ ቆሞ አነበበው፣ ቀደደው፣ ቁራጮቹን ኪሱ ከተተ። “ምንም አልሆነም” አለኝ። “መዝገቡ ላይ ለውጥ የለም ብለሽ ጻፊ።” ጻፍኩ። ወደ ታች ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ማኬልቪም ተጫዋቾቹን ፊት ለፊት ሊያይ ፈልጎ መሰለኝ ከኋላዬ መጣና ኮሪደሩ ላይ አለፈኝ።

የመልበሻ ክፍሉ በር በፎጣ ጋሪ ተደግፎ ተከፍቷል። እኔ ከጋሪው ወዲህ ቀረሁ። ተጫዋቾቹ ከነጫማቸው ገብተዋል፤ ግን የሚያወልቅ የለም። ቲቦዶ መቀመጫ ቁጥር አሥራ ሁለት ፊት ቆሞ ባዶውን እንጨት ያያል። በዓመታት በጠቆረው እንጨት መካከል ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። አባቴ ጠረጴዛው አጠገብ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ተዘርግቷል።

“ስሜ የት ሄደ?” አለ ቲቦዶ።

ማኬልቪ ቀደመ። “በእርጥበቱ ወልቆ ነው። ይህ ክፍል መቼም። አይደል ቶይቮ?”

ዱቢክ እንኳ አልቀለደም።

“ቶይቮ” አለ ቲቦዶ፣ ዞር ሳይል። “ወድቆ ነው?”

አባቴ መውጫ ተሰጥቶት ነበር። አዎን ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ክፍሉ፣ ቁልፉ፣ ማርከሩ፣ ሁሉም የእሱ ሆኖ ይቀጥላል። እግሩ ግራና ቀኝ ሲል አየሁት። ከዚያ ቆመ።

“አልወደቀም” አለ። “እኔ ነኝ ያወረድኩት።”

ፎጣውን አነሳ። ከሥሩ አዲስ ፕላስተር፣ የዌንት ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ተጽፈውበት፣ ቀሪው ባዶ።

“ተለውጠህ ነበር። ፈረሰ መሰለኝ፤ ባይፈርስ ኖሮ ሚስተር ማኬልቪ ስለ እርጥበት አያወራም ነበር።”

ማኬልቪ ፊቱ ቀላ። “ማን ነገረህ?”

“ማንም። ጠዋት ጠረጴዛህ ላይ አየሁት።”

ይህ ውሸት ነው። የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በስልክ፣ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ። ከጋሪው ወዲህ ቆሜ እየሰማሁ አፌን አልከፈትኩም። አባቴ በሕይወት ሳለ እንዳላርመው አስምሎኝ ስለነበር፣ አሁን ነው የማርመው።

ቲቦዶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱ ድምፅ አሰማ።

“አንተስ? ትለውጠኝ ነበር?”

“ከገና ጀምሮ” አለ አባቴ።

ከማዕዘኑ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ቲቦዶ የአንዱን ጫማ ገመድ ፈታ፣ ሁለተኛውንም ፈታ።

“ሾርባውን እያመጣህልኝ?”

“ሾርባው የሚስቴ ነው።”

“የድሮውን ፕላስተር ስጠኝ።”

አባቴ ከሸሚዝ ኪሱ አወጣው። የወሰደው ለማስታወሻ ይሁን ወይስ ቆሻሻ ውስጥ መጣሉን ስላልፈለገ፣ አላውቅም። ታጥፎ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። ቲቦዶ በጥፍሩ አላቆ እንጨቱ ላይ መልሶ ጫነው። አልያዘም። ማጣበቂያውን የኪስ ብናኝ በልቶታል። በመዳፉ ይዞት ቆየ፣ ሲለቀው ጫፉ ወረደ፣ እንደገና ጫነው። በመጨረሻ ዱቢክ ተነስቶ የእግር መከላከያ በሚታሰርበት ግልጽ ፕላስተር ሁለቱን ጫፎች ያዘለት። አባቴ አዲስ ልጻፍልህ አላለም። ያን ማለት እንደሌለበት ገብቶት ነበር።

በማግስቱ ማኬልቪ ቁልፉን ተቀበለው። እኔን አላባረረኝም፤ ጥሩ መዝገብ ትይዛለች ይል ነበር። በኤፕሪል ራሴ ለቀቅሁ።

ቲቦዶ ቀሪዎቹን አሥራ አራት ጨዋታዎች ተጫወተ፤ ሁለት ግብ አገባ። ከጨዋታ በኋላ አባቴ ባጠገቡ ሲያልፍ ቲቦዶ ራሱን ይነቀንቅለት ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረም። ወዳጆች ሆኑ ብዬ ብጽፍ ሐሰት ይሆናል። በበጋው ቲቦዶ ወደ አገሩ ተመለሰና መጫወት አቆመ። ፕላስተሩን ራሱ ማንሳቱን ዱቢክ ነግሮኛል። ዌንት ትከሻውን ታክሞ ለሌላ ቡድን ተጫወተ፤ በሚቀጥለው ዓመት አርባ ግብ ሲያስቆጥር ኬይሎ ዶናት ቤት ያሉት ሁሉ ወደ አባቴ ዞሩ።

“ትክክል ነበርክ ሰውዬ!”

“ነበርኩ” አለና ዶናቱን ሳይጨርስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ከላይኛው መተላለፊያ ላይ ሲመላለስ እጆቹ ማረፊያ አልነበራቸውም። ፕሮግራሙን ይጠቀልላል፣ ይፈታል። አንድ ጊዜ፣ ቡድኑ ሦስት ለባዶ እየመራ፣ “እውነቱን በመናገሬ አይደለም” አለኝ ሳልጠይቀው። “እሱን ደግሜ እናገረዋለሁ። እጄ ነው የሚያበግነኝ። ሃያ ደቂቃ መጠበቅ አቃተው።”

ከደወልኩለት ጀምሮ ልውውጡ እስከፈረሰበት ሃያ ደቂቃ ልክ ነው። እሱ ሰዓቱን አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ባለፈው ኖቬምበር፣ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞተ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ከአልጋው በላይ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ በሰማያዊ ማርከር ስሙ ተጽፎበታል። ነርሷ ደግ ሴት ነበረች። ዓይኑን ከዘጋችለት በኋላ አንሶላውን አስተካከለች፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈተች፣ ከዚያ ጨርቅ አንስታ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

“ቆዪ” አልኳት።

ጨርቁን እንደያዘች አየችኝ።

“ገና ከክፍሉ አልወጣም።”

ጨርቁን አስቀመጠች። ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ሃምሳ ደቂቃ ዘገዩ። ወንበር ነበረ፤ አልተቀመጥኩም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለስኩ። እሱን የያዘው ጋሪ ኮሪደሩን ጨርሶ እስኪታጠፍ ድረስ ጠበቅሁና ስሙን በራሴ እጅ አጠፋሁት።