የማማ አቾል ክር

የሳሎኗ ልጅ ፓውደር ነስንሳ፣ ፀጉር መንቀያውን ክር በጥርሷ ነክሳ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ስታስኬደው «ትርርር» አለ። አማራት ሰፈር፣ የውበት ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳቄ መጣ፤ ማማ አቾል ትዝ አሉኝ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ላምር ብዬ ጢሜን በወንድሜ ምላጭ ስላጨው ከንፈሬ ዙሪያ ቀልቶ ሽፍ አለ። እናቴ እየሳቀች ንያኩሮን ሰፈር ጎረቤታችን ወደነበሩት ወደ ማማ አቾል ወሰደችኝ። ጋምቤላ ብዙ ዘመን ኖረው ወደ አገራቸው ስለተመለሱ አማርኛቸው ከኔ ይጣፍጥ ነበር።

«ቆዳሽ ተቆጥቷል፤ አሁን አይነካም» ብለው ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ጣል አደረጉበት። «ፀጉሩ ሲያድግ ነይ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሠርጉ ዋዜማ ተመለስኩ። «ከንፈርሽን በምላስሽ ከውስጥ ግፊው፣ ቆዳው ይወጠር» አሉና ክራቸውን ነከሱ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ መስታወት ሳይ ግን ቆዳዬ ምንም ሳይቀላ ለስልሷል። እሳቸው አገጭ ላይ አንዲት ረጅም ፀጉር አየሁና ከደስታዬ ብዛት፣ «ማማ፣ እኔ ደግሞ ይቺን ላንሳልዎት?» አልኳቸው።

አገጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ኸሊ! ተይ፣ እሷን እንዳትነኪ! ሽማግሌው ባሌ ሲያጫውተኝ እሷን እያሻሸ ነው።»

«ጨረስን» አለችኝ የሳሎኗ ልጅ። ወዲያው አገጬን ቀና አድርጋ ጠጋ አለች። «እህቴ፣ እዚህ ጋ አንዲት ረጅም አለች። ላንሳት?»

እጄ ቀድሞኝ አገጬን ሸፈነ።