ደጅ የተተከለ ጦር

የሚቀልጥ የበግ ሞራ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ሞላሌ ያለው ቤታችን ዛሬም ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ክረምት ሲገባ አባቴ ከአያቴ የወረሱትን ጦር ከምሰሶው ሥር አንስተው፣ እንዳይዝግ ብለው ስለቱን ሞራ ይቀቡት ነበር። ያን ጊዜ ጦሩ ሠርግና ለቅሶ ላይ ከመያዝ፣ መንገድ ላይም ጅብ ከማስፈራራት ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ እሳቸው ግን ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አለ ቢባሉ አይሰሙም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ክረምት ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ፣ ከጓደኛው የገለበጠውን የጨዋታ ደብተር ይዞ መጣ። ጌታሁን ታሪኩን ይመራል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደበበ እያንዳንዳችን አንድ ተጓዥ ሆነን የምናደርገውን በቃል እንናገራለን፣ ከዚያ ነጥብ የተቀባበት ባለ ስድስት ጎን እንጨት ይጣልና እንደተሳካልን ወይም እንዳልተሳካልን ይታወቃል፤ ተጓዡ የሞተበት ከጨዋታው ይወጣል። ጌታሁን ከዚያ በፊት ከቁም ነገር ቆጥሮኝ ስለማያውቅ፣ መውጣቱን እንደ እውነተኛ ሞት እፈራው ነበር።

ደበበ ሰይፍ መረጠ፣ እኔ ጦር። ደብተሩ ለሰይፍ ስምንት፣ ለጦር ስድስት ነጥብ ይሰጣል። ምክንያቱን ብጠይቅ ጌታሁን ጦር ለጠባብ ቦታ አይመችም አለኝ፤ አባቴ ደግሞ ባለ ሰይፉ ሳይደርስብሽ ጦርሽ ይደርስበታል አሉኝ። ማን እንዳበለ ላጣራ ብዬ ጦሩን ቤት ውስጥ ላዞረው ስል ጫፉ ጣሪያውን ወጋ፤ ሜዳ ላይ ስይዘው ደግሞ ደበበ ዱላውን ይዞ ዙሪያዬን ቢሽከረከርም ሊጠጋኝ አልቻለም። ሁለቱም እውነት ሆኑብኝና ግራ ገባኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጉሙ ደጃችንን ሸፍኖት በዋለበት ቀን፣ ተጓዦቻችን ከማያውቁት ባላባት ቤት ደረሱ። ጌታሁን ምን እንደማደርግ ሲጠይቀኝ፣ እኛ አገር እንግዳ የሚያደርገውን ነገርኩት፤ ጦሬን ደጅ ተከልኩ፣ «ቤቶች» ብዬም ባዶ እጄን ገባሁ። ባላባቱ ለካ ጠላት ኖሯል፣ ሰይፉን መዘዘ፤ እንጨቱ ሲጣል አንድ ወጣብኝ።

«ሞትሽ» አለኝ ጌታሁን። «ጦሩን ደጅ ትቶ የሚገባ ሰው አለ?»

ለቅሶዬን ሰምተው የመጡት አባቴ ነገሩ እስኪገባቸው ሁለቴ አስነገሩንና የተቆጡት በጌታሁን ሆነ። ጦር ይዞ ቤት የሚገባ እንግዳ አይባልም፣ ጦሩን ደጅ የተከለ ሰውም በሰው ቤት አይነካም አሉ። ጌታሁን የጨዋታው ሕግ እንዲህ እንደማይል በትሕትና አስረዳቸው።

«ሕጉን ማን ጻፈው?»

«አላውቅም አባባ፤ እኔም የገለበጥኩት ነው።»

«እንግዲያው በባላባቱ ፈንታ እኔ ልናገር። ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። ውኃ አምጡላት፣ እጇን ትታጠብ።»

ጌታሁን እንጨቱን እንደጨበጠ ቀረ። አባቱ ላይ ሊጥለው አልደፈረም፣ ሞተች ያላትንም ሊያስነሳ አልፈለገም፤ ደብተሩን አጠፈው። መስከረም ሲጠባ ሄደ፣ በጥር ሲመለስም አላመጣውም። ያን በጋ ገብስ እየለቀምኩ፣ ተጓዤ ሞታ ይሁን ድና፣ እኔም ጅል ልሁን ጨዋ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ባለፈው ፋሲካ ሞላሌ ስሄድ ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ አገኘኋቸውና ነገሩን አነሳሁባቸው። ጠጉሩ የሸበተው ጌታሁን አፍታም ሳያስብ ሞታለች አለኝ። ጆሯቸው የደከመው አባቴ ጥያቄዬን አስደገሙኝና፣

«ምን ትሞታለች? እራት ላይ ናት እንጂ» አሉ።

ልጅ ሳለሁ አንዳቸው ቁርጡን እንዲነግሩኝ ብዬ እንባዬ እስኪደርቅ አልቅሼ ነበር፤ አሁን ግን ግራ እንደገባኝ ከአባቴ ጎን ተጠግቼ፣ ያጎረሱኝን በላሁ።